የኡምኩልሱም ክርን

ኡምኩልሱም አብዱራህማን የሰው ገላ ይቀፋታል። ይህን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። መካነ ሰላም ውስጥ ወገቧ የተያዘ፣ አንገቷ አልዞር ያላት፣ ትከሻዋ የከበዳት ሴት ሁሉ የምታንኳኳው የእሷን በር ስለሆነ፣ ሌላው ሰው ቢነገረውም የሚያምን አይመስልም። ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት ሁለት ሴት ታሻለች። እያንዳንዷ ልብሷን አውልቃ ፍራሹ ላይ በደረቷ ስትተኛ፣ ኡምኩልሱም ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ አንድ ጊዜ በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ እጇን የምትዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። የወዙ ጠረን፣ ብብት ሥር የሚጠራቀመው እርጥበት፣ ዘይት ሲነካው እየተጠቀለለ የሚወጣው እድፍ፣ የጀርባ ብጉር፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ ሁሉም ሆዷን ያገላብጠዋል። የሰው ገላ ማሸት ከጀመረች ዐሥራ አንድ ዓመት አለፋት፤ አንድም ቀን አልለመደችውም።

ወዳም አልገባችበት። በሃያ ሁለት ዓመቷ ሪያድ ስትሄድ የተነገራት ልጅ እንደምትይዝ ነበር። ያሳፈረቻት የመካነ ሰላሟ ደላላ ንግሥቴ፣ «ሁለት ሕፃናት ናቸው፤ እነሱን እያጫወትሽ መዋል ብቻ ነው» ብላ በአላህም በማርያምም ምላላት ነበር። እቤቱ ስትደርስ ሕፃን የሚባል አልነበረም። የነበረችው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ በሰው እጅ የምትዘዋወር፣ ስኳር ያለባት፣ እጅግ የወፈረች አሮጊት ናት። የቤቱ ሰው ሁሉ «ማማ» ይላታል። ማማ ጠዋት እግሯ ይታሽላት፤ ከሰዓት ጀርባዋ ይታሽላት፤ ማሽያው ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት የፈላበት ዘይት ነው። ጠረኑ ጥፍር ሥር ይገባል። ኡምኩልሱም እጇን ሦስት አራት ጊዜ በሳሙና ታጥባ ሩዟን ልትጎርስ ስትል ከጣቷ ላይ የማማ ተረከዝ ይሸታታል። ስንት ቀን ሳህኑን እንዳለ መልሳለች። ማማ ደግሞ እጇ ትንሽ ላላ ካለ በቁሟ ትሰድባታለች፤ ምራቋ እየተረጨ ፊቷ ላይ ያርፋል።

በሁለተኛው ዓመት የማማ ልጆች አናሊን የምትባል ፊሊፒናዊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቀጠሩ። አናሊን በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች የማማን ወገብና ትከሻ ትሠራለች፤ ኡምኩልሱም ዘይትና ፎጣ አቀባይ ሆና አጠገቧ ትቆማለች። አናሊን ኡምኩልሱም በልጅነቷ እንዳየቻቸው ወጌሾች አትፈትግም፤ አትደበድብም። አውራ ጣቷን ወይ ክርኗን አንድ ቦታ ላይ ታሳርፍና የራሷን የሰውነት ክብደት ቀስ ብላ ትለቅበታለች። ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች።

«ጉልበት አይደለም፣ ክብደት ነው» አለቻት አንድ ቀን በተሰባበረ ዐረብኛ፣ የኡምኩልሱምን ክርን ይዛ የማማ ትከሻ ላይ እያስቀመጠች። «ሥጋው መጀመሪያ ይከለክልሻል። አትታገዪው። ጠብቂው፣ ራሱ ይለቅልሻል። ትንፋሿን ከያዘች አብዝተሽዋል፤ ትንፋሿ ከረዘመ ግን ቦታው ደርሰሻል።»

የማይነካውንም ነገረቻት። ያበጠና የሚያቃጥል እግር አይነካም፤ የተሰበረ አጥንት አይነካም፤ የጀርባ አጥንቱ ራሱ አይጫንም፣ ግራና ቀኙ ነው እንጂ። ማማ እሳትና በረዶ የማይለይ የስኳር እግሯን እንዲያ አጥብቃ ማሳሸቷ እንኳ አደጋ እንደነበረው ኡምኩልሱም ያኔ ነው የሰማችው። አናሊን ስትቀር ሥራው ሁሉ በእሷ ላይ ወደቀ። አንድ ቀን ከሰዓት ማማ ትከሻዋ ተጭኖላት ስታበቃ እንደ ሕፃን ጭልጥ ብላ ተኛች። ስትነቃ ፊቷ ለስልሶ፣ ድምፅዋ ተለውጦ፣ «ስምሽ ማን ነበር?» አለቻት። ኡምኩልሱም እዚያ ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር ይሆናል። እሷን ግን ከስድቡ ይልቅ ያ ልስላሴ አስጠላት። ስሟ እንዲጠየቅ የሰው ጀርባ መጫን ነበረባት እንዴ? መታጠቢያ ቤት ገብታ ከሆዷ የቀራትን ሁሉ አወጣች።

በሰባተኛው ዓመት ማማ ሞተች። ቤተሰቡ ኡምኩልሱምን ወደ አገሯ አሳፈሯት። አውሮፕላን ውስጥ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እያየች፣ ከእንግዲህ የማንንም ገላ አልነካም ብላ ለራሷ ማለች።

መሐላው የቆየው አምስት ወር ነው።

አባቷ አብዱራህማን ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። በከተማው ካሉት የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹ ላይ መዶሻቸው አርፏል። በዚያው ዓመት ክረምት መውጫ ላይ አንድ ጥርብ ድንጋይ ሊያገላብጡ ጎንበስ እንዳሉ ወገባቸው ተያዘና ሁለት ሰው ደግፎ አመጣቸው። ሐኪም ቤት ሄደው አጥንታቸው ደህና ነው፣ ጡንቻው ነው የተኮማተረ፣ ተብለው የሚዋጥ ተሰጥቷቸው ተመለሱ። የሚዋጠው አለቀ፤ ወገባቸው አልተፈታም። ጎረቤት ወጌሻውን ቸኮልን ጠራ።

ቸኮል የበሬም የሰውም እግር የሚጠግን፣ ስሙ እስከ ወግዲ የተሰማ ሽማግሌ ነው። ሲገባ እጁን አልታጠበም። ጥፍሩ ውስጥ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጥቁር ነገር አለ። ከወረቀት ውስጥ የቆየ ቅቤ አወጣ፤ ቤቱ ወዲያው ከረፋ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ አፉ ከተተና እያላመጠ አባቷን በደረታቸው አስተኛቸው። ከዚያ ያላመጠውን፣ ከምራቁ ጋር፣ የሽማግሌው እርቃን ጀርባ ላይ እፍ ብሎ ተፋው። አረንጓዴው ዝልግልግ በጀርባ አጥንታቸው መስመር ወረደ። ቅቤውን በላዩ ደፍቶ ፈተገው። በመጨረሻም ግድግዳ ይዞ በተረከዙ ወገባቸው ላይ ወጣ። አብዱራህማን ጥምጣማቸውን ነክሰው አቃሰቱ።

ኡምኩልሱም በር ላይ ቆማ አፏን በሻሿ ይዛ ነበር።

«ይበቃል! ይውረዱ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ጅማቱ ሊገባ ሲል?» አላት ቸኮል፣ ከአባቷ ጀርባ ላይ እንደቆመ።

«አባቴን ሊሰብሩብኝ ነው። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይውረዱ።»

ቸኮል እያጉረመረመ ወረደና ወጣ። እሷም ወጥታ ከአጥሩ ሥር አስታወከች። ተመልሳ ስትገባ አባቷ እንደተኙ ናቸው፤ ቅቤውና ምራቁ ጀርባቸው ላይ እየደረቀ ነው። ሌላ ሰው የለም። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ውሃ አሞቀች፤ ሳሙና አመጣች። አፍንጫዋን ይዛ፣ በአፏ እየተነፈሰች፣ ሦስት ጊዜ አጠበቻቸው። ከዚያ የወይራ ዘይት ጠብታ በመዳፏ አሞቀችና ክርኗን ከወገባቸው በስተግራ፣ ከአጥንቱ ራቅ አድርጋ አሳረፈችው።

የገዛ አባቷ ገላም ቀፈፋት። ያ ነው ያሳፈራት። የድንጋይ ብናኝ የገባበት ቆዳ፣ ሽበት የወረሰው ጀርባ፣ የላብ ጠረን። ያሳደጋት ሰው ገላ ነው፤ ሆዷ ግን አላወቀውም። ጥርሷን ነክሳ ክብደቷን ለቀቀች። ጡንቻው እንደ እንጨት ነው። ጠበቀች። አባቷ ትንፋሻቸውን ሲይዙ ቀለል አደረገች፤ ሲለቁት ጨመረች። ብዙ ቆይቶ፣ ሊደክማት ሲል፣ ከክርኗ ሥር ያለው ነገር እንደ ረጠበ ጭቃ እጅ ሰጠ። አብዱራህማን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ያረቢ!» አሉ። «ልጄ፣ ይኼን ያህል ዘመን ትንፋሽ ይዤ ነው እንዴ የኖርኩት?»

ለሁለት ሳምንት በየሁለት ቀኑ ሠራቻቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ። ወገባቸው ብቻ አይደለም የተፈታው። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ሌሊት እየነቁ የሚቀመጡት ሰውዬ እስኪነጋ መተኛት ጀመሩ፤ በትንሹም በትልቁም መቆጣታቸው ቀረ። መስጊድ ደጃፍ ላይ ለሚያገኙት ሁሉ ስለ ልጃቸው እጅ አወሩ። እንዲህ ነው ሴቶቹ መምጣት የጀመሩት።

መጀመሪያ ልትመልሳቸው ሞከረች። ግን የምትመልሳት ሴት ሁሉ ወደ ቸኮል እንደምትሄድ አወቀች፤ ያ ምራቅ የማታውቀው ሰው ጀርባ ላይ ሲወርድ በሐሳቧ እየታያት እንቅልፍ ነሳት። ከባሰው መጸየፍ ለማምለጥ ብላ በቀለለው መጸየፍ ገባችበት ማለት ይቻላል። ደንብ አወጣች። ሴት ብቻ። ገላዋን ያልታጠበች አትተኛም፤ ሙቅ ውሃና ሳፋ ጓሮ አለ። ቅቤ አይገባም። ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው፣ የተሰበረ፣ ነፍሰ ጡር፣ ወደ ሐኪም ቤት። አንዷን ታፋዋ አብጦ የቀላ ሴት «እግሬን እሺልኝ» ብላ ብታለቅስም በባጃጅ አሳፍራ ላከቻት፤ ሐኪሞቹ ደሟ እግሯ ውስጥ ረግቶ እንደነበርና ታሽታ ቢሆን ኖሮ ልትሞት ትችል እንደነበር ነገሯት።

ከሚመጡት ሁሉ እትዬ የሻለም የተለዩ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የእርሻ መንደር ውስጥ ይኖራሉ፤ ባላቸው ሞተዋል፤ ያላቸው አንዲት ልጅ መሰረት ናት፣ እሷም እንደ ኡምኩልሱም በንግሥቴ እጅ ሪያድ የሄደች። መሰረት በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ንግሥቴ፣ «ስልኳን አሠሪዎቿ ወስደውባት ነው፤ ደህና ነች፤ ሰላምታ ልካልሻለች» ትላቸዋለች። በአንድ ዓመት በዓል ላይ አንድ ቀይ ሻርፕ አመጣችላቸውና «መሰረት በሰው የላከችልሽ ነው» አለቻቸው። እትዬ የሻለም ያንን ሻርፕ ከአንገታቸው አይለዩትም። የመጡት መንጋጋቸው ተጣብቆ እንጀራ ማላመጥ ስላቃታቸው ነው።

ኡምኩልሱም ትከሻቸውን ስትነካው ደነገጠች። እንዲህ የደረቀ ነገር ነክታ አታውቅም። ትከሻቸውን፣ ማጅራታቸውን፣ ከጆሯቸው ሥር ያለውን የመንጋጋ ጡንቻ በጣቷ ጫፍ ስትጫን፣ እትዬ የሻለም ዝም ብለው እንባቸው ፍራሹ ላይ ይወርዳል። ንፍጣቸውም አብሮ። ኡምኩልሱም ፊቷን እያዞረች ታብስላቸዋለች።

«አሞኝ አይደለም ልጄ» ይሏታል። «ደስ ብሎኝም አይደለም። እንዲያው ሲለቀኝ ይመጣል።»

«አብሽሩ፣ እትዬ። ይምጣ።»

ከዚያች ቤት ሲወጡ እህል ይቀምሳሉ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የላቸውም፤ ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው ነው የሚያድሩት።

ንግሥቴ የመጣችው በጥር ወር አንድ ረፋድ ላይ ነው። ባጃጁ ደጅ ድረስ አመጣት። አንገቷ ወደ ግራ ተጣሞ ስለቀረ ሰው ለማየት ሙሉ ሰውነቷን ታዞራለች። ኡምኩልሱም ስታያት በሩን ልትዘጋ ፈልጋ ነበር። ስለ ሕፃናቱ የማለችላት መሐላ አልጠፋባትም። ግን ሕመምተኛ ናት፤ ፊቷ በሕመም ተኮማትሯል።

«ኩልሱሜ! የኔ ልጅ! ድረሺልኝ!»

«ገላዎን ታጥበው ነው የመጡት?»

«ኧረ በጠዋቱ የዑድ ሽቶ ተቀብቻለሁ!»

ከጓሮ ሙቅ ውሃና ፎጣ ሰጠቻት። ፎጣው ሲመለስ ቡናማ ሆኗል፤ ኡምኩልሱም በሁለት ጣቷ ይዛ ከአጥር ውጭ ጣለችው። ንግሥቴ ፍራሹ ላይ ተዘረጋች። ፊቷ በቅባት ቀልቶ አንገቷ እንደጠቆረ ነው፤ ሽቶው ከላቡ ጋር ተደባልቆ ጣፋጭ የሆነ፣ የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል ጠረን ሠርቷል። በአንገቷ እጥፋት ውስጥ ነጭ ቅባት እንደ አይብ ረግቷል። ኡምኩልሱም መስኮቱን ከፈተች፤ ተነፈሰች፤ ክርኗን አሳረፈች።

ከላይ ለስላሳ ነው። ከሥር ግን ሽንብራ የተዘራበት ይመስል ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። አንዱን ይዛ ጠበቀች። ንግሥቴ መጀመሪያ ተንጫጫች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ ትንፋሿ ረዘመ። ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ማውራት ይጀምራል፤ ኡምኩልሱም ይህን ታውቃለች። ገላ ሲለቅ ምላስም አብሮ ይለቃል። በዚያ ፍራሽ ላይ የሰማችውን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«አንገቴን የያዘኝ ሐሳብ ነው፣ ኩልሱም» አለች ንግሥቴ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ። «የሻለም ዛሬም መንገድ ላይ ያዘችኝ። የመሰረቴ ድምፅ ናፈቀኝ ትለኛለች። ከየት ላምጣላት?»

«ስልኳን ወስደውባት ነው ብለዋቸው የለም እንዴ?»

«ስልክ ምን ያደርግላታል። ልጅቷ እኮ ካለፈች ሁለት ዓመቷ።»

ክርኗ ባለበት ቀረ።

«ምን አሉ?»

«ከፎቅ ወድቃ ነው አሉ። እዚያው ቀበሯት። የዚያው አገር ወኪል ደውሎ ነገረኝ። እንግዲህ አደራ፣ በሆድሽ ያዢው።»

«ለእናቷ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ያኔ? ያኔ ዐሥራ አራት ልጆች ፓስፖርት አውጥተው እየጠበቁ ነበር። ወሬው ቢወጣ የቷ እናት ልጇን ትሰጠኛለች? ደግሞስ ለየሻለምም ብዬ ነው። ሻርፑን ስሰጣት እንዴት እንደሳመችው ብታዪ!»

«ሻርፑን መሰረት አይደለችም የላከችው?»

«ከደሴ ነው የገዛሁት» አለችና ንግሥቴ ሳቀች። ጀርባዋ ላይ ያለው ስብ ከኡምኩልሱም ክርን ሥር ተንቀጠቀጠ።

ኡምኩልሱም በሕይወቷ ብዙ ነገር ተጸይፋለች። ይህ ግን ከሆዷ አልነበረም የመጣው፤ ከአጥንቷ ነው። ያ መንቀጥቀጥ በክርኗ ገብቶ እስከ ጥርሷ ደረሰ። ክርኗ ያለው ከንግሥቴ አንገት ግርጌ ነው። ትንሽ ወደ ውስጥ ብታስጠጋውና ያላትን ክብደት ሁሉ በአንድ ጊዜ ብትለቀው ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ለአንድ ትንፋሽ ያህል አሰበችውም። ከዚያ ክንዷን እንደተቃጠለ ሰው መንጭቃ አነሳችና ወጥታ የውሃ በርሜሉን ተደግፋ አስታወከች። ምንም እስኪቀራት አስታወከች።

ተመልሳ ስትገባ «ተነሺ» አለቻት።

ንግሥቴ «ተነሺ» መባሏን መጀመሪያ አላመነችም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ኡምኩልሱም አንቱ ያላለቻት ቀን አልነበረም።

«ማንን ነው?»

«ተነሺና ልብስሽን ልበሺ።»

«ኧረ ግራ ጎኑን አልነካሽውም! ግማሽ ሠርተሽ...»

«አልነካሽም። ሄደሽ ለእትዬ የሻለም ንገሪያቸው። አንቺ ካልነገርሽ ይነገራቸዋል።»

ንግሥቴ አንሶላውን ደረቷ ላይ ይዛ በሙሉ ሰውነቷ ዞረች። ፊቷ ተለወጠ። «ሰው ያደረግሁሽ እኔ አይደለሁም እንዴ? ያንን እጅሽን ማን ሰጠሽ? እኔ ባልልክሽ ኖሮ ዛሬ ምን ነበርሽ?»

ነገሩ ሐሰት ብቻ አልነበረም። የምታድንበት እጅ በዚህች ሴት ውሸት በኩል ነው የመጣው። የገዛ ክንዷን አየችውና እሱም ቀፈፋት። ንግሥቴ ከወጣች በኋላ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣችው፤ አንሶላውን ግን ማጠብ አልቻለችም፤ አቃጠለችው።

ለአባቷ ነገረቻቸው። አብዱራህማን መቁጠሪያቸውን ይዘው እስክትጨርስ ሰሟት።

«አሁኑኑ ሄጄ ልንገራቸው፣ አባ?»

«መርዶ በሩጫ አይነገርም፣ ልጄ። መጀመሪያ እርግጡ ይታወቅ።»

የየሻለም ወንድም ወንድዬ ዘንድ ሄዱ፤ ከወንድዬም ጋር የየሻለም የነፍስ አባት ዘንድ። ወንድዬ ሪያድ ያለች የጎረቤት ልጅ ላይ ደወለ፤ ልጅቷ ጠይቃ በሁለተኛው ቀን እያለቀሰች መለሰችለት። እውነት ነው። መሰረት ከሞተች ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል። እዚያ ያሉት ልጆች ሁሉ ያውቁ ኖሯል፤ እናቷ የሰሙ መስሏቸው ነው ዝም ያሉት። በማግስቱ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ሄደው መርዶውን አረዷቸው። አብዱራህማንም አብረው ነበሩ። ሲመለሱ ለልጃቸው ምንም አላወሩላትም፤ «ውሃ ስጪኝ» ብቻ አሉ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ኡምኩልሱም ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ንግሥቴ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ «መሰረቴ! የኔ አበባ! ምነው እኔን ባስቀደመኝ!» እያለች። አንገቷ እንደተጣመመ ነው፤ እንባዋ ግን እውነተኛ እንባ ነው፣ እየወረደ ነው። ኡምኩልሱም የዚያን እንባ እርጥበት ማየት አቃታት። ማማ አስመልሳታለች፣ ቸኮል አስመልሷታል፤ ይህን የሚመስል ግን አላየችም። ሰው ራሱ ለደበቀው ሞት ቆሞ እንዴት ያለቅሳል?

እትዬ የሻለም ከተቀመጡበት ተነሱ። ቀዩን ሻርፕ ከጉያቸው አወጡና በደንብ አጥፈው ዘረጉላት።

«እንቺ» አሉ። «ያንቺ ነው። ከደሴ ነው የገዛሽው አሉኝ።»

ንግሥቴ ዙሪያውን ለማየት ሙሉ ሰውነቷን አዞረች።

«ለአንቺው ብዬ ነው፣ የሻለም። ልብሽ እንዳይሰበር...»

«ሁለት ዓመት» አሉ እትዬ የሻለም። ድምፃቸው አልጮኸም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሬሳዋን አላለቀስኩላትም። ትደውላለች ብዬ ስልክ አቅፌ ስተኛ፣ ልጄ አፈር ውስጥ ነበረች። የለቅሶ ቀኗን ወሰድሽብኝ።»

ማንም አልመታትም፤ ማንም አልሰደባትም። በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ስትወጣ የተቀመጡት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ እንዳትነካቸው። አንዷ ልጇን ወደ ጉያዋ አስገባች። እንዲያ ሆና ነው የወጣችው።

ወንድዬና የሌሎች ልጆች ወላጆች ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ ንግሥቴ ቃሏን ሰጠች፤ በዋስ ወጣች፤ ከወር በኋላ ቤቷን ዘግታ ጠፋች። ደሴ ታየች የሚሉ አሉ። ሌላ ስም ይዛ ያንኑ ሥራ ትሠራለች የሚሉም አሉ። ኡምኩልሱም ይህን በሰማች ቁጥር አፏ ሬት ሬት ይላታል። ሁለት ሳምንት በሯን ዘግታ ማንንም አላሸችም ነበር፤ ክርኗን ባየች ቁጥር ያ የሳቅ መንቀጥቀጥ ይመጣባታል። በሯን ያስከፈቷት አባቷ ናቸው። «አንቺ እጅሽን ማን እንደሰጠሽ አትይ፤ ማን ላይ እንደምታሳርፊው አስቢ» አሏት። አልተጽናናችም፤ ግን ከፈተች።

እትዬ የሻለም የመጡት የመሰረት አርባ ከወጣ በኋላ ነው። ከስተዋል፤ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል፤ ጥቁር ልብሳቸው የጭስና የለቅሶ ጠረን ጠጥቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይታጠቡ መጡ። ኡምኩልሱም ራሷ ውሃ አሞቀችና በሳፋው ላይ አስቀምጣ አጠበቻቸው፤ እግራቸውን፣ ጀርባቸውን፣ የተላጨውን ራሳቸውን። ከዚያ ፍራሹ ላይ አስተኛቻቸውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ኩልሱም» አሉ እትዬ የሻለም ከፍራሹ ላይ። «ሁልጊዜ ሰው ልትነኪ ስትይ ፊትሽን የምታዞሪው ለምንድን ነው?»

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። መዋሸት ትችል ነበር። ውሸት ግን በዚያ ሰሞን ከምንም በላይ ያንገሸገሻት ነገር ነው።

«ይቀፈኛል፣ እትዬ። የሰው ገላ ይቀፈኛል።»

«የኔም?»

«የእርስዎም። ይቅር ይበሉኝ።»

የእትዬ የሻለም ጀርባ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኡምኩልሱም ያስለቀሰቻቸው መስሏት ደነገጠች፤ ጎንበስ ብላ ስታይ ግን እየሳቁ ነው። የልጃቸውን መርዶ ከተረዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ወደ ለቅሶ ተቀየረ፤ ከዚያም ጋብ አለ።

«እኔንም ይቀፈኛል» አሉ፣ ፊታቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። «እሷ አፈር በልቷት እኔ ሥጋ ተሸክሜ ስዞር ገላዬን ጠልቼዋለሁ። የማን እንደሆነም አላውቀው። አንቺ ስትጫኚው ግን የኔ መሆኑ ትዝ ይለኛል። በይ ተጫኚው።»

ኡምኩልሱም ክርኗን ከቀኝ ትከሻቸው በላይ አሳረፈችና ክብደቷን ለቀቀች። ድንጋይ ነው። ጠበቀች። እትዬ የሻለም ትንፋሻቸውን ሲይዙ ቀለል አደረገች፤ ሲለቁት ጨመረች። በግራው ሄደች፤ በማጅራታቸው ሄደች፤ መንጋጋቸውን በጣቶቿ ጫፍ ያዘችው። ብዙ ቆየ። ሥጋው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ፣ እየተጠራጠረ ለቀቀ። ትንፋሻቸው ረዘመ፤ ከዚያም አፋቸው ገርበብ ብሎ ምራቃቸው በፎጣው ላይ ወረደ። ተኝተዋል።

ምራቁ ቀፈፋት። ጠረገችላቸውና ነጠላቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ ጎትታ አለበሰቻቸው።

በሩ ተንኳኳ። እንቁ የምትባል የገበያ ነጋዴ ናት፤ ወረፋዋ ደርሶ ጉልበቷን ይዛ እያነከሰች መጥታለች። ኡምኩልሱም ወጥታ በሩን ከኋላዋ ቀስ ብላ ገጠመችው።

«ነገ ጠዋት ነይልኝ፣ እህቴ» አለቻት በሹክሹክታ። «ዛሬ ሰው ተኝቷል።»